አልደርቅ ያለው የኩኪስ አይሲንግ፦ አንድ ረጅም ክር ከነጭቅጭቁ

ሰሞኑን ስለ ኩኪስ ማስጌጫ አይሲንግ፣ ማለትም ላዩ ላይ ስለሚቀባው የስኳር ቅብ፣ የተከፈተ አንድ የውይይት ክር ይዞኝ ሰነበተ። ረጅም ነው። መሃሉ ላይ ጠብ አለ፤ ወደ ጫፉ ደግሞ የንግሥት ሠርግ ሳይቀር ይነሳል። እንዲህ ያለውን ክር አብዛኛው ሰው ሦስት አራት ምላሽ አንብቦ ይዘጋዋል። የዚህኛው ግን ጥሩ ጥሩው ነገር የተቀበረው ታች ነው። ስለዚህ በተራ ቁጥሩ ላውጋችሁ። አመሰግናለሁ ብቻ ብለው ያለፉትን ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ጠያቂዋ ለልጇ ልደት ኩኪስ ጋግራለች። ኩኪሱ አምሮላታል፣ ቅርጹንም አልለቀቀም። ያስለቀሳት ከላይ የቀባችው አይሲንግ ነው። ሁለት ኩባያ የተፈጨ ስኳር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ወተትና አንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ቀላቀለች። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነካ ጣት ላይ ይጣበቃል። ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ሰርጎ ዳር ዳሩን ሮዝ አድርጎታል። ስትደራርበው ደግሞ የአንዱ ጌጥ ተላጦ ከሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ከዘረዘረች በኋላ ግን አልጠየቀችም፤ ፈረደች። የሜሪንግ ዱቄት፣ ማለትም የደረቀ እንቁላል ነጭ ያለበትን ዱቄት፣ ሳይገዙ ቤት ውስጥ የሚደርቅ አይሲንግ መሥራት ዘበት ነው አለች። ሰው የተንጫጫው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ጥያቄ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ማንም አይመልስላትም ነበር።

ምላሽ 1። በትህትና ጀመረ። እህቴ ብሎ ስለ ኩኪሱ አመሰገናትና በቀጥታ ወደ ቅቤው ሄደ። አይሲንግ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ ቅባት ደግሞ አይተንም። ቅቤ የገባበት አይሲንግ ላዩ ትንሽ ቢያዝም ውስጡ ለስልሶ ይቀራል። ለኬክ ግሩም ነው፤ ተደራርቦ ለሚታሸግ ኩኪስ ግን አይሆንም። ከዚያ ሦስቱን ዓይነቶች ለየላት። በቅቤ የሚሠራው አይጠነክርም። ከስኳርና ከጥቂት ወተት ወይም ውሃ የሚሠራው ግሌዝ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲነክሱትም ለስላሳ ነው። በእንቁላል ነጭ የሚመታው ሮያል አይሲንግ ደግሞ ድርቅ ይላል። ጠያቂዋ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ደባልቃ የሦስተኛውን ውጤት ነበር የጠበቀችው።

ምላሽ 2። ይህቺ ሂሳብ ትወዳለች። ለአንድ ኩባያ የተፈጨ ስኳር፣ ማለትም ለ120 ግራም ገደማ፣ የሚበቃው ወተት ሁለት ቢበዛ ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው አለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ይይዛል። ስለዚህ ጠያቂዋ ለሁለቱ ኩባያ 12 የሻይ ማንኪያ ወተት አፍስሳለች፤ ከሚበቃው ሁለት ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ቅቤው ባይኖር እንኳ ያ ነገር የሚደርቅበት መንገድ የለውም። ማንጸባረቅ ከተፈለገ ለአንድ ኩባያ ስኳር ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ወይም የግሉኮስ ሽሮፕ እንዲጨመርበት መከረች። ሽሮፑ ስኳሩ ተመልሶ ጠጣር ፍሬ እንዳይሠራ ስለሚያደናቅፍ አይሲንጉ ያበራል፣ አይሰባበርምም። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ ለመርጋት እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ምላሽ 3። የሮያል አይሲንግን አሠራር ያመጣችው ይህቺ ናት። የሁለት ትልልቅ እንቁላል ነጭ፣ 350 ግራም ገደማ በወንፊት የተነፋ የተፈጨ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። እንቁላል ትልቅና ትንሽ ስላለው ነጩ በሚዛን ቢለካ ይሻላል፤ የአንድ ትልቅ እንቁላል ነጭ 30 ግራም ገደማ ነው። ሎሚውን ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ አለች፤ አሲዱ አረፋው ቶሎ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ክሬም ኦፍ ታርታር የሚባለው ነጭ ዱቄትም ይህንኑ ይሠራል። ከወይን ጠጅ ሥራ የሚገኝ አሲዳማ ጨው ነው። አንድ ነገር አጥብቃ ከለከለች፦ ቅባት። ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ የቀረ የቅቤ ርዝራዥ ወይም ሾልኮ የገባ አስኳል አረፋውን ይገድለዋል። ፕላስቲክ ቅባት ይዞ የማስቀረት ጠባይ ስላለው የብርጭቆ ወይም የብረት ሳህን ይመረጣል።

ምላሽ 4። ሰላምታ የለም። ጥሬ እንቁላል ለልጆች ልደት ማቅረብ ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ጀመረ። በጥሬ እንቁላል ሊመጣ የሚችለውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ጠራ። ለትንንሽ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን አደጋው የከፋ መሆኑን ተናገረ። ሎሚው ይገድለዋል የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል አለ፤ አንድ ማንኪያ ሎሚ እዚያ ላይ አይታመንም። ነገሩ እውነት ነው። አነጋገሩ ግን ምላሽ 3 ሰው ልትመርዝ የተነሳች አስመሰላት።

ምላሽ 5። በዕድሜ የገፉ እናት ይመስላሉ። ልጆቻቸውንም የልጅ ልጆቻቸውንም በዚሁ በጥሬው እንቁላል አይሲንግ አሳድገዋል። እንቁላሉን በደንብ አጥበው ነው የሚሰብሩት። አንድም ቀን ሆዱን የታመመ የለም። የዛሬ ሰው ሁሉን ይፈራል ብለው ደመደሙ።

ምላሽ 6። አራተኛው ተመልሶ መጣ። ሲጀምር እናቴ፣ እርስዎ ብሎ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ አንቺ ሆኑ። ባክቴሪያው ቅርፊቱ ሳይሠራ፣ ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ እያለ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ውጪውን ማጠብ የውስጡን አያድነውም። እስከ ዛሬ ማንም አለመታመሙም ዕድል እንጂ ማስረጃ አይደለም። እውቀቱ ላይ እንከን የለውም። እንዲያው ምን አለበት እርስዎን እስከ መጨረሻው ቢዘልቅበት!

ምላሽ 7፣ 8 እና 9። ስለ አይሲንግ አንድም ቃል የላቸውም። አንዱ ታላቅን ማክበርን አስተማረ። ሌላዋ እዚህ ሁሉም እኩል ነው አለች። ሦስተኛው ሁለቱንም ዝም በሉ አለ። አድሚኑ ገብቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነ።

ምላሽ 10። ጠቡን ያበረደው ልመናው ሳይሆን ይህ ምላሽ ነው። ሴትየዋ ለማንም ሳትወግን መፍትሔውን አስቀመጠች። የእንቁላሉን ነጭ ከስኳሩ ከፊሉ ጋር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀላቅሎ፣ ሳህኑን ከሚንፈቀፈቅ ውሃ በላይ አስቀምጦ ሳያቋርጡ ማማሰል። ቴርሞሜትሩ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያሳይ ማውረድ። ስኳር ስላለበት ነጩ እንደ ብቻው ቶሎ አይረጋም። ከዚያ የቀረውን ስኳር ጨምሮ መምታት ነው። ፓስቸራይዝድ የሆነ፣ ማለትም ባክቴሪያው እንዲሞት አስቀድሞ በሙቀት የታከመ፣ ነጭ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አይገባውም።

ስለ ሜሪንግ ዱቄትም የተናገረችው ልብ ይባል። ዱቄቱ ተአምር የለውም። የደረቀ እንቁላል ነጭ፣ ስኳር፣ ስታርችና አረፋውን የሚያጸና ነገር ነው። ለ450 ግራም የተፈጨ ስኳር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና አምስት ስድስት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። የሚጠቅመው ከጥሬ እንቁላል ስጋት ስለሚያሳርፍና መጠኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ለማድረቁ ግን ግዴታ አይደለም። የመክፈቻው ፍርድ እዚህ ላይ ፈረሰ። ጠያቂዋ ግን ገና አልተመለሰችም።

ምላሽ 11። አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የተጨቃጨቀው ሳህኑ ውስጥ ምን ይግባ በሚለው ላይ ነው። ይህ ሰው ግን ስለ ውሃ ብቻ ጻፈ። አንዱ አይሲንግ ሦስት ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገው የውሃው መጠን ነው አለ። በጣም ወፍራሙ፣ መምቻው ሲነሳ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ለአበባና ለቅጠል ይሆናል። መካከለኛው እንደ ጥርስ ሳሙና ነው፤ ተጨምቆ ሲወጣ ቅርጹን ይይዛል፣ ዳር ለማስመርና ለመጻፍ ይሆናል። ቀጭኑ ደግሞ በመስመሩ ውስጥ ተንጣሎ ሜዳውን የሚሞላው ነው።

ቀጭኑን የሚለካበት ዘዴ አለው። በቢላ ጫፍ አይሲንጉ ላይ መስመር ይሰነጥቅና ይቆጥራል። መስመሩ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ጠፍቶ ላዩ ከተስተካከለ ልክ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከጠፋ ቀጥኗል፤ ዳሩን ጥሶ ይፈስሳል፣ ለመድረቅም ይለግማል። ከዘገየ ወፍሯል፤ ላዩ ጎርበጥ ይላል። ውሃ የሚጨመረው በሻይ ማንኪያ ግማሽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጠብታ ነው። ከቀጠነ የተነፋ ስኳር ጨምሮ መመለስ ይቻላል፤ ሁልጊዜ ግን ከወፍራም ተነስቶ ማቅጠን ይቀላል። እኔ አድሚን ብሆን ይህን ምላሽ ከመክፈቻው ጽሑፍ በላይ እሰቅለው ነበር። ከታች የሚመጣው ችግር ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

ምላሽ 12። የሰከንዱን ቆጠራ አጣጣለው። በእጅ የለመደ ሰው ሰዓት አያይም፣ እርጥበት ባለበት አየር ደግሞ ያው 15 ሰከንድ ሌላ ውጤት ይሰጣል አለ። የመጀመሪያው ክፍል ጉራ ናት፤ ያልለመደ ሰው በምን ይመራ? ሁለተኛው ክፍል ግን ልክ ነው። ስኳር ከአየር እርጥበት ይስባል። ዝናባማ ቀን ላይ ወፈር አድርጎ መሥራትና ረዘም ያለ ማድረቂያ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

ምላሽ 13። ቀለሙን የተረሳ ጉዳይ ብላ አነሳች። ውሃ ውሃ የሚለው የምግብ ቀለም ብዙ ሲጨመር አይሲንጉን ያቀጥነዋል። ወፍራሙ የጄል ቀለም ግን በስቴኪኒ ጫፍ ተነክቶ ብቻ ይበቃል። ቀይና ጥቁር ሲሠራ ሰው የሚፈልገውን ድምቀት ወዲያው ለማየት ቀለም ይከምራል። ያን ጊዜ ይመርራል፣ ወደ ጎረቤቱም ይሰርጋል። ቀለም በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየጠለቀ ስለሚሄድ ትንሽ አንሶ ሳለ አቁሞ ከድኖ ማሳደር ይሻላል። ለጥቁር ደግሞ ከነጭ ከመነሳት ካካዎ ነስንሶ ከቡናማ መነሳት ብዙ ቀለም ያድናል። የጠያቂዋ ቀይ ወደ ነጩ የገባው አንደኛው ሳይደርቅ ሁለተኛው ጎኑ ስለተቀባ፣ ሁለቱም ስለቀጠኑ ነው። የታችኛው ክፍል ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን፣ ሲደርቅ ነው ሌላ ቀለም የሚያስጠጋው። ነጠብጣቦቹ ከሜዳው ጋር ጠፍጣፋ ሆነው እንዲዋሃዱ ከተፈለገ ግን ገና እርጥብ ሳለ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው።

ምላሽ 14። ጠያቂዋ ተመለሰች። ቅቤውን ትታ፣ እንቁላሉን አሙቃ፣ ውሃውን በጠብታ ለክታ ሠርታለች። ደርቋል! ፎቶም ለጠፈች። ስለ ሜሪንግ ዱቄቱ የተናገረችውን ግን ዝም ብላ አለፈችው። አሁን ያመጣችው አዲስ እሮሮ ነው፦ ትንንሾቹ ቦታዎች፣ የአሻንጉሊቱ ዓይንና አዝራር፣ ሲደርቁ መሃላቸው ወደ ውስጥ ሰምጧል። ሰፊው ሜዳ ላይ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች አሉ።

ምላሽ 15። ስለ መስመጡ። ትንሽ ቦታ ላይ ቀጭን አይሲንግ ሲገባ ላዩ ሳይጠነክር ከሥሩ ይወርዳል። ለትንሽ ቦታ ከሜዳው ትንሽ ወፈር ያለ ይደረጋል፣ ወዲያውም ቬንትሌተር ፊት ይቀመጣል። ነፋሱ ላዩን ቶሎ ስለሚያሲዘው አይሰምጥም፤ ማንጸባረቁም ይጨምራል። አጭርና ትክክል።

ምላሽ 16። ስለ ቀዳዳዎቹ። ሚክሰሩን በኃይለኛ ፍጥነት ለቀሽዋል አለቻት። አየር የበዛበት አይሲንግ ሲደርቅ ቀዳዳ ያወጣል፣ ተፈርፍሮም ይነሳል። ዝግ ባለ ፍጥነት መምታት፣ ከዚያ ከድኖ ትንሽ ማሳረፍ፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ማድረግ። ተቀብቶ ሳለ የሚወጣውን አረፋ በስቴኪኒ ማፈንዳት። ይህቺው ሴት በቁጣም ጨምራ ስትጽፍ፣ እርጥብ ጨርቅ ሳይከደንበት የተቀመጠ አይሲንግ ላዩ ቅርፊት ያወጣል፣ ያ ቅርፊት ተሰባብሮ አይሲንጉ ተጨምቆ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ስኳሩን ይሳደባል አለች። ከልቧ እንደተቃጠለች ያስታውቃል።

ምላሽ 17። ስኳሩም ቢሆን ንጹሕ አይደለም አለ። የሚገዛው የተፈጨ ስኳር እንዳይጓጉል ጥቂት ስታርች ተቀላቅሎበታል። ቤት በብሌንደር የተፈጨው ያን ያህል አይልምም፤ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለግሌዝ ይሁን ቢባል እንኳ በቀጭን ቀዳዳ ለሚወጣ መስመር አይመችም። ቤት የሚፈጭ ሰው ለአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሮ፣ ደጋግሞ ፈጭቶ በጥሩ ወንፊት ይንፋው።

ምላሽ 18 እና 19። አንዱ ቶሎ እንዲደርቅ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ አለ። ሌላኛው ወዲያው አረመው። ከቅዝቃዜ ሲወጣ አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርድበታል፣ ቀለሙም ያለቅሳል። ትኩስ ኩኪስ ላይም መቀባት ክልክል ነው፤ አይሲንጉ ይቀልጣል። በደንብ ያልቀዘቀዘና ቅቤ የበዛበት ኩኪስ ደግሞ ቅባቱ ወደ ላይ ሰርጎ ነጩ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይጥላል። በኋላ ጠያቂዋ ያን ነጥብ ፎቶዋ ላይ አገኘችው።

ምላሽ 20። ከርዕስ መውጣት ተጀመረ። አንዱ ሮያል አይሲንግ የተፈለሰፈው በ1840 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ነው አለ።

ምላሽ 21። ታሪክ የምታውቅ ሴት አልፋ አላለፈችውም። በ1769 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በታተመ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ለሙሽራ ኬክ የሚሆን የስኳርና የእንቁላል ነጭ አይሲንግ አለ፤ ቪክቶሪያ ገና አልተወለደችም። ስታርችም እንደ ዛሬው ገብቶበታል። ሃያኛው ሰው ሠርጉ ዝናውን አጎላው ማለቴ ነው ብሎ ሊያፈገፍግ ሞከረ። እንዲህ አላለም ነበር።

ምላሽ 22። ልጁ እንቁላል የማይስማማው አባት በትህትና ጠየቀ። ከፍ ብሎ የተጻፈው ሁሉ ለእሱ አይሆንም፤ የሜሪንግ ዱቄቱም ቢሆን እንቁላል ነው።

ምላሽ 23። የሽምብራ ውሃ አለችው። የተቀቀለ ሽምብራ የሚንሳፈፍበት ወፈር ያለ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይሠራል። ይህ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ አንድ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ በ2014 እ.ኤ.አ. ሞክሮ አሳወቀው። ጨው የሌለበት መሆን አለበት። ቀጭን ከሆነ እሳት ላይ ጥቂት ተንፈቅፍቆ ይወፍራል።

ምላሽ 24 እና 25። ሽምብራ ሽምብራ አይልም ወይ ብሎ አንዱ ቀለደ። ስኳሩና ቫኒላው ይሸፍኑታል ተባለ። አባትየው ቀልዱን አልወደደውም። ለእኔ ልጅ ሳቅ አይደለም አለ። እዚህ ላይ ሁሉም ጸጥ አለ፤ ቀላጁም ይቅርታ ጠየቀ። በክሩ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ብቻ ነው።

ምላሽ 26። ነጭን ይበልጥ ነጭ ስለሚያደርገው ቀለም። ብዙ ነጭ የምግብ ቀለም ውስጥ የነበረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በመለያው ኢ171፣ በአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምግብ ታግዷል። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ይፈቀዳል። ሮያል አይሲንግ በራሱ ነጭ ስለሆነ ለቤት ሥራ አያስፈልግም የሚለው ሐሳቡ ያስማማኛል።

ምላሽ 27። አምስተኛዋ እናት ብቅ አሉ። ስለ ስድቡ አላነሱም። ቴርሞሜትሩ ሳህኑን እንዲነካ ነው ወይስ መሃሉ ላይ እንዲቆም ብለው ጠየቁ። አሥረኛዋ ሴት መሃሉ ላይ፣ የሳህኑ ግርጌ የበለጠ ስለሚሞቅ ያታልልዎታል ብላ መለሰችላቸው።

ምላሽ 28። የጠያቂዋ የመጨረሻ ጥያቄ ነበር፦ ከልደቱ ቀናት ቀድሜ ሠርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ ወይ?

ምላሽ 29። ትችያለሽ ተባለች። ሌሊቱን ሙሉ ሳይከደን ይድረቅ። ከዚያ በየመሃሉ ወረቀት እያነጠፉ አየር በማያስገባ ዕቃ መደርደር ነው። ፍሪዘር ውስጥም ይቆያል። ሲወጣ ግን ክዳኑ አይከፈት። ከነዕቃው ቆይቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ፤ ጤዛው ከውጭ ዕቃው ላይ ይወርዳል እንጂ ኩኪሱን አይነካም። የተረፈው አይሲንግ ደግሞ ከእንቁላል ከተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይለቅ። ሥሩ ላይ ውሃ ቢያቁርም አልተበላሸም፤ እንደገና አማስሎ መስመሩን በቢላ መቁጠር ነው።